ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ልጆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ ዛሬ ልመክራችሁ የተነሣሁት ከመሬት በታች ስለሚቀበር ሥራ ነው። ከላይ ያለውን ቤት፣ ቀለም የተቀባውን ግንብ፣ የተነጠፈውን አስፋልት ሁላችንም እናያለን፤ ያማረውን እናመሰግናለን፣ የተጣመመውን እንወቅሳለን። የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ግን አንዴ አፈር ከለበሰ በኋላ የሚታወሰው የታመመ ዕለት ብቻ ነው። የታመመ ዕለት ደግሞ የተቀበረውን ለማየት አስፋልት መስበር፣ ግቢ መናድ፣ ሰፈሩን በሙሉ ለጥም መዳረግ ይመጣል። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉት ለሰው ነበር፤ ለቱቦም ይሆናል።

የምለው ነገር አንድ ነው። ዶማ ከመነሣቱ በፊት ያለው ሥራ ከሥራው ሁሉ ይበልጣል። ቅየሳው፣ የአፈሩ ምርመራ፣ የነዋሪው ቆጠራ፣ ከጎረቤት ጋር መስማማቱ፣ የገንዘቡ ምንጭ፣ ከተሠራ በኋላ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ፤ እነዚህን ሁሉ እንደ ጊዜ ማባከኛ ሲያዩዋቸው እሰማለሁ። «ጥናት ጥናት እያላችሁ ሕዝቡን አታስጠሙት» ይባላል። ሕዝቡ ግን የሚጠማው በጥናት ብዛት ሳይሆን ጥናቱ ተዘሎ የተቀበረው ቱቦ በሦስተኛው ዓመት ሲሰነጠቅ ነው።

የምንኖርበት የአዲስ አበባው የካ አባዶ ለዚህ ምክር ምስክር የሚሆን ሰፈር ነው። በስተ ሰሜን የየካና የእንጦጦ ተራሮች አሉን፤ በስተ ምሥራቅ ለገጣፎ፣ ከዚያ አለፍ ብሎ ለገዳዲ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከዚሁ ከምሥራቁ በኩል ነው፤ የለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የድሬ ግድብ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከተማዋን ሲያጠጡ ኖረዋል። በ2014 ደግሞ የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮጀክት በቀን 86,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ ተመርቋል። ይህ ሁሉ በደጃችን ሳለ እናቶቻችን ጄሪካን አሰልፈው፣ የፈረቃ ቀን ቆጥረው፣ ሌሊት ተነሥተው ባልዲ የሚሞሉበት ጊዜ አለ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይኸው ነው። ውሃ ቅርብ ስለሆኑለት አይመጣም፤ ከፍታን፣ ግፊትንና የቱቦን ስፋት አይቶ ነው የሚመጣው።

በከተማችን ዳር ዳር የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ታሪክ አላቸው፤ የእኛም ሰፈር ከዚህ አላመለጠም። ቤቱ ቀደመ፣ መሠረተ ልማቱ ከኋላ እያለከለከ ተከተለ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ተቀብሎ እልልታው ሳያባራ ውሃው መቼ ይገባል፣ ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ለዓመታት ከጉሮሮው ቀንሶ ሲቆጥብ የኖረን ሕዝብ ቶሎ ቤት ለማግባት መቸኮል ክፋት አይደለም፤ ሐዘኔታ ነው። ነገር ግን ሐዘኔታም መላ ይፈልጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? ያፈሰስነውን ስንለቅም አስፋልቱ ሁለት ጊዜ ተቆፈረ፣ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ልጆቻችንም በክፍት ቦይ ላይ እየዘለሉ ትምህርት ቤት ሄዱ።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው፣ እቴጌ ጣይቱ የወደዱትን የፍልውሃን አካባቢ ከተማ ካደረጉት በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አመጣ። የዚያ ዘመን ሰው የተደነቀው ውሃ ሽቅብ ሲወጣ በማየቱ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነውና ቱቦው ወደ ሸለቆው ወርዶ መልሶ መውጣት ነበረበት። ነገሩ ግን የልክ ሥራ ነበር። የምንጩ ራስ ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ወርዶ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ የለካ ሰው ያለ ሞተር ንጉሥ አጠጣ። ሳይለካ ቢጀምር ኖሮ ያን ሁሉ ብረት በሰው ጫንቃ ተሸክሞ አምጥቶ ውሃው ሸለቆው ውስጥ በቀረ ነበር።

ከዚያ ዘመን በፊት የነበሩትማ ከዚህም ይበልጣሉ። በዚሁ በየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ከአለት የተፈለፈለ ነው። ከአለት የሚፈለፍል ሰው ተሳስቶ ያነሣውን ድንጋይ መልሶ መለጠፍ አይችልም። ስለዚህ መሮውን ከማንሣቱ በፊት ቤተ ክርስቲያኑን በልቡ ሠርቶ መጨረስ አለበት፤ «ልብ ካላየ ዐይን አያይም»። በላሊበላም እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ያወጡት አባቶች ዓምዱንና መስኮቱን ብቻ አላሰቡም። የክረምቱን ውሃ ከግቢው የሚያስወጡ ቦዮችንም አብረው ቆርጠዋል። ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ የዝናቡ መውጫ ካልታሰበለት በአንድ ሐምሌ ሐይቅ እንደሚሆን ያውቁ ነበርና። በጎንደር የፋሲል መዋኛ ሲሠራም ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚያመጣው መስመር አብሮ ታስቧል። እንግዲህ አርቆ ማሰብ ከሌላ አገር የምንዋሰው ነገር አይደለም። የራሳችን ነበር፤ የጣልነውም እኛው ነን።

አሁን ወደ መሬታችን ልመለስ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት አንድ ባር የሚያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ አንድ መስመር ሳይከፋፈል ከላይ እስከ ታች ቢዘረጋ፣ ታች ያለው ሰው ቧንቧው ይፈነዳበታል፣ ላይ ያለው ደግሞ ቧንቧውን ሲከፍት አየር ብቻ ይሰማል። ባለሙያዎቹ ለዚህ ብለው ከተማውን በግፊት ቀጠና ይከፍላሉ፤ በየደረጃው ማጠራቀሚያ ያቆማሉ፤ ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ያስገባሉ። ይህ በግምት የሚሆን አይደለም። ቀያሹ ከካራ እስከ ጣፎ በእግሩ መዞር፣ የየብሎኩን ከፍታ መመዝገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረዋ አሮጊት ቧንቧ ጋ የሚደርሰውን ግፊት አስልቶ ማወቅ አለበት።

ፍሳሽ ደግሞ ከውሃ የባሰ እልኸኛ ነው። ንጹሕ ውሃን በግፊት ታስገድደዋለህ፤ ፍሳሽ ግን በአብዛኛው በራሱ ቁልቁለት ነው የሚወርደው። ቱቦው ለጥ ካለ ቅባቱና ደለሉ ይረጋል፣ ይጠነክራል፣ ይዘጋል። ባለሙያዎች ፍሳሹ ቢያንስ በሰከንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልሄደ ቱቦው ራሱን አያጥብም ይላሉ። በአንድ ማንሆልና በሚቀጥለው መካከል የተሠራ የጥቂት ሳንቲ ሜትር ስሕተት ከዓመታት በኋላ በሰው ቤት ውስጥ ይገለጣል፤ ከላይኛው ብሎክ የተለቀቀው ምድር ላይ በሚኖረው ሰው መጸዳጃ በኩል ይወጣል። ያ ሰው ምን አጠፋ? ዕጣው ምድር ቤት ስለወጣለት ብቻ የጎረቤቶቹን ሁሉ ቆሻሻ ይቀበል? ቁልቁለቱ ባለቀበት ቦታ ደግሞ ፍሳሹን በፓምፕ መግፋት ግድ ይሆናል፤ ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ፍሳሹ የት ይቆያል? ጄኔሬተር አለ ወይ? ናፍጣውን የሚገዛው ማነው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ያለባቸው ፓምፑ ከመታዘዙ በፊት ነው።

የእኛ ፍሳሽ ቁልቁል ሲወርድ ባዶ ሜዳ ላይ አይደርስም፤ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ከከተማው ምሥራቅ የሚወርደው ሁሉ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል ይደርሳል። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን፣ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። «የተንጋለለ ቢተፋ ተመልሶ ባፉ» ነው። በ2008 ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከተማችን ገብቶ በየጤና ጣቢያው ስንት እናት ልጇን አቅፋ እንዳደረች የምንረሳው አይደለም። የፍሳሽ ነገር የንጽሕና ጌጥ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ነው አምርሬ የምናገረው።

አፈሩም ይጠየቃል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አለ። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ አፈር ላይ የአሸዋ መደብ ሳይደረግለት፣ መገጣጠሚያው እንደ አፈሩ ሊላወስ የሚችል ሳይሆን የተቀበረ ቱቦ ዓመት በዓመት ይጎተታል፣ ይገፋል፤ በመጨረሻ መገጣጠሚያው ላይ ይለያያል። ውሃው ያን ጊዜ ለአፈሩ ይፈስሳል፤ አፈሩም የበለጠ ያብጣል፤ ከላይ ያለው አስፋልት ይሰምጣል። ወደ ተራራው ስትጠጉ ደግሞ ዋልካው አልቆ አለት ይመጣል፤ አለቱን ለመስበር የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ከለስላሳ አፈር ጋር አይገናኝም። በየመቶ ሜትሩ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ ያላየ ተቋራጭ ለሜዳው ባወጣው ዋጋ ተራራው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የዋጋ ይስተካከልልኝ ደብዳቤ፣ ክርክር፣ የቆመ ማሽን፣ ክፍት ቦይ። አሠሪው የራሱን መሬት ሳያውቅ ሲገኝ «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ቀን ሠራተኞቹ አንድ ቃል ልናገር። ዋልካ ውስጥ ጠልቆ የተቆፈረ ቦይ ግድግዳው ካልተደገፈ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ቦዩ ውስጥ የሚገባው ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ የሰው ልጅ ነው። የድጋፉ እንጨትና ብረት በዋጋ ግምቱ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ካልገባ ኋላ ማንም አያመጣውም። በጥናቱ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ሕይወት በቦዩ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል፤ ይህን በእግዚአብሔር ስም አደራ እላለሁ።

ስለ ሰው ቆጠራ ደግሞ እናቶቻችንን ማየት ይበቃል። ልጇን ለመዳር ያሰበች እናት ሠርጉ ሲቃረብ አትነሣም። ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ አጥና ትቆያለች። ከሁሉ በፊት ግን እንግዳውን ትቆጥራለች፤ የዕድሩ ሰው ስንት ነው፣ ከገጠር የሚመጣው ዘመድ ስንት ነው፣ ሳይጠራ የሚመጣውስ? ለመቶ ሰው ጠንስሳ ሦስት መቶ ሰው ቢመጣባት የምትዋረደው እሷ ናት። ከተማም እንዲሁ ነው። የዛሬውን ነዋሪ ብቻ ቆጥሮ የተቀበረ ቱቦ ነገ ሲጠብ ማስፋት አይቻልም፤ ማውጣትና መቅበር ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ይኖራል ተብሎ ሲታሰብ ተከራይ ተጨምሮ ስምንት ሆኖ ይገኛል። ምድር ቤቱ ሱቅ ይሆናል፣ ሱቁ ምግብ ቤት ይሆናል፣ መኪና ማጠቢያ ይከፈታል። ይህ ሁሉ እንደሚመጣ እናውቃለንና አስቀድሞ ይታሰብ።

ከሩቅ አገርም አንድ ነገር ልጥቀስ። በለንደን፣ በፈረንጆቹ 1858 በጋ፣ የቴምዝ ወንዝ ሽታ የአገሪቱን ሸንጎ ሥራ እስከማወክ ደረሰ። ያን ጊዜ ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባል መሐንዲስ ለከተማዋ የፍሳሽ መስመር ሲሠራ ለዚያ ዘመን ሕዝብ ከሚበቃው አስፍቶ ሠራው። ሥራው በ1859 ተጀምሮ ለመጠናቀቅ ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ዛሬም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከተማዋን ያገለግላል። ሰውየው ያልተወለዱትን ቆጠረላቸው።

የእኛን ቃሊቲን ደግሞ እዩ። በ1970ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ነበር የታሰበው። ዋናው መስመር ተዘረጋ፣ ገንዳዎቹ ተቆፈሩ፤ ግን ከየቤቱ ወደ ዋናው መስመር የሚያገናኘው ትንሹ ቱቦ ተጓተተ። ሰዉም የመጸዳጃ ጉድጓዱን በቦቴ እያስመጠጠ ቀጠለ፤ ጣቢያው ለረጅም ዓመታት ሙሉ አቅሙ ያህል ፍሳሽ ሳያገኝ ኖረ። ማጣሪያው በኋላ ተስፋፍቶ በ2010 በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሆኗል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ የሠሩት ይመስገኑ። ትምህርቱ ግን እንዳይጠፋ። ትልቁን ቱቦ ቀብሮ ትንሹን መርሳት ድልድይ ሠርቶ መንገድ አለማድረስ ነው። ቤት ለቤት ማገናኘቱ ስንት ብር ያስወጣል? ድኻው እንዴት ይከፍላል? ግቢው ጠባብ የሆነበት፣ ቤቱ በጀርባው ወደ ወንዝ የዞረበትስ? ይህ ሁሉ ዋናው መስመር ከመጀመሩ በፊት ቤት እያንኳኩ የሚጠየቅ ነው።

ስለ ጎረቤት ስምምነት ልናገር። የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው። ውሃው ከገበሬው ማሳ አጠገብ ይነሣል፣ የከተማው ሰው ይጠጣዋል። እንግዲህ ከግድቡ ዳር ያለው ገበሬ ራሱ እየጠማው ቱቦው በደጁ ሲያልፍ ምን ይሰማዋል? ካሳው ቀድሞ ካልተከፈለ፣ የውሃው ድርሻ ካልተሰጠ፣ ቃል የተገባው ካልተፈጸመ፣ ዲዛይኑ ቢያምር ምን ዋጋ አለው። ለከተማዋ ውሃ እንዲሰጥ የታሰበው የገርቢ ግድብ ነገር ለዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ የቆየው አንዱ በዚህ በመሬትና በካሳ ጉዳይ ነው። መሐንዲስ ድንጋይን በድማሚት ያነሣዋል፤ የተከፋ ገበሬን ግን በሽማግሌና በእውነት ብቻ ነው የምታነሣው። ስለዚህ የወሰን ማስከበሩ ሥራ ለመጨረሻ የሚተው ሳይሆን የመጀመሪያው ይሁን። ሽማግሌዎችም እንጠራ፤ ለዚህ ነው የተቀመጥነው።

መሥሪያ ቤቶቹም እርስ በርስ ይነጋገሩ። አንዱ አስፋልት አንጥፎ ሳይደርቅ ሌላው ለቱቦ ይቆርጠዋል፤ እሱ ሲደፍነው ሦስተኛው ለስልክ መስመር ይከፍተዋል። ይህን በሽታ መንግሥትም አይቶት በ2006 በአዋጅ ቁጥር 857 የመሠረተ ልማት ማስተባበሪያ ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር። አዋጁ ጥሩ ነው፤ አዋጅ ግን በራሱ እግር አይሄድም። የውሃው፣ የመንገዱ፣ የመብራቱና የቴሌው ሰዎች አንድ ካርታ ዘርግተው፣ የማን መስመር በየት ያልፋል፣ ማን ቀድሞ ይቀብራል ብለው ካልተፈራረሙ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው ተረት ለኛ ባዕድ ይሆንብናል። ከተቀበረ በኋላም የተቀበረበት ጥልቀትና ቦታ በትክክል ተሥሎ ይቀመጥ። ዛሬ የሚቆፍረው ልጅ ነገ ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ የሚያስታውሰውም አብሮት ይሄዳል። ካርታ የሌለው ቱቦ የሚገኘው በኤክስካቫተር ጥርስ ተመትቶ ውሃ ሲፈነጥቅ ነው።

ስለ መቸኮል ደግሞ ለሹማምንቱ ልጆቼ በፍቅር አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ሣር የበቀለበት ስንት የመሠረት ድንጋይ አለ። ሪባን ተቆርጦ፣ ከበሮ ተመትቶ፣ ሰው አጨብጭቦ ተበተነ፤ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ። ገንዘቡ ሳይረጋገጥ፣ ፓምፑን ከውጭ ለማምጣት የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሬ ሳይፈቀድ፣ መሬቱ ሳይጸዳ የተጣለ ድንጋይ ቃል ኪዳን ነው፤ ያልተፈጸመ ቃል ኪዳን ደግሞ ሕዝቡ በሚቀጥለው ላይ ያለውን እምነት ይበላል። «ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት» የተባለው ለዚህ ነው። የሰኔውም ጥድፊያ እንዲሁ ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል ተብሎ በግንቦት መጨረሻ ዝናብ እያስገመገመ ቦይ ይከፈታል። ጎርፉ ይገባበታል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ቱቦው በጭቃ ላይ ተጋድሞ በጭቃ ይሸፈናል፤ በግፊት ሳይፈተሽም ይደፈናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ቱቦ ከመቀበሩ በፊት በውሃ ተሞልቶ፣ ግፊት ተሰጥቶት፣ የሚያንጠባጥበው ታይቶ ነው አፈር የሚለብሰው። ይህን ለአንድ ቀን እንኳ ለማንም ጥድፊያ አትተዉት።

እግዚአብሔር ክረምትንና በጋን የለየልን በምክንያት ነው። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ሲገባ ዝናቡም አብሮ ይገባል፤ መቆፈር አይቻልም ተብሎ ሁለት ወር ሙሉ እጅ ይታጠፋል። እኔ ግን ክረምት ከሁሉ የተሻለ የጥናት ወራት ነው እላለሁ። ጎርፉ መንገዱን ራሱ ያሳያል፤ ምንጩ ከተደበቀበት ይወጣል፤ ዋልካው ጠባዩን ይገልጣል፤ የትኛው ማንሆል የጣራ ውሃ እየገባበት እንደሚገነፍል በዐይን ይታያል። በበጋ የተደረገ ቅየሳ ይህን አያገኝም። ሐምሌና ነሐሴ ለቅየሳና ለጨረታ፣ መስከረም ለርክክብና ለዝግጅት ቢሆኑ፣ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ለቁፋሮው ሙሉ ይተርፋል።

እናንተ በዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ መሐንዲሶች ልጆቼ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ጠብቃችኋል፤ ተምራችኋል። አሁን የሚቀረው መድፈር ነው። አለቃችሁ «በሦስት ወር ጀምሩልኝ» ሲላችሁ አፈሩ ገና አልታየም ለማለት ድፈሩ። ዛሬ የምትሰሙት ቁጣ ያልፋል፤ ተሳስቶ የተቀበረ ቱቦ ግን ስማችሁን ይዞ ከመሬት ሥር ይኖራል።

እኛ ነዋሪዎቹስ? ቆጣሪ መጥቶ ስንት ሰው ትኖራላችሁ ሲለን ግብር የሚጨመርብን መስሎን አንቀንስ። የጣራችንን ውሃ ወደ ፍሳሽ ቱቦ አንልቀቅ፤ ቱቦው ለዝናብ አልተሠራም። ጨርቅና ዳይፐር መጸዳጃ ውስጥ አንጣል። መስመሩ በሚያልፍበት ላይ ኩሽና አንሥራ፣ አጥር አንጠር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ይህን ብንካፈለው አይከብደንም።

በመጪው ሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ጎልማሶች ይውጡ። ጎርፉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚገባ፣ የትኛው ማንሆል እንደሚገነፍል፣ የትኛው ግቢ ውሃ እንደሚያፈልቅ ይዩ፤ በስልካቸው ፎቶ ያንሡ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ይህ መሬት ቤት ሳይሠራበት ሲያርሱት የነበሩ ገበሬዎች በዙሪያችን አሉ፤ የትኛው ቦታ ረግረግ እንደነበር፣ የትኛው ቦይ እንደተደፈነ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እነሱንም በአክብሮት ጠይቀን የሚሉትን እንመዝግብ። አንዱን ቅጂ ለወረዳው፣ አንዱን ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት እንስጥ፤ አንዱ በዕድራችን ሣጥን ይቀመጥ። ቀያሾቹ በመጡ ጊዜ አረጋውያኑ ገበሬዎች ከፊት ይምሯቸው፣ ወጣቶቹ ወረቀቱን ይዘው ይከተሉ።